ስልክ በኪስ፣ ሰላይ በእጅ

የኖኪያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ፔካ ሉንድማርክ በሜይ 2022 ዳቮስ ላይ አንድ ትንቢት ተናግረው ነበር። በ2030 ገደማ ስድስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲመጣ ስማርት ስልክ ዋነኛ መገናኛችን መሆኑ ያበቃል፣ ብዙው ነገርም በቀጥታ ሰውነታችን ውስጥ ይገጠማል የሚል። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ቀኑ እየቀረበ ነው፤ ስልኩ ግን ከኪሳችን አልወጣም። በላዩ ላይ ሰዓት መጣ፣ ቀለበት መጣ፣ መነጽር መጣ።

የሚያሳስበኝም ይኸው መደራረቡ ነው። ስልኩን የሚተካ ዕቃ ቢመጣ አንዱ ሰላይ ሄደ፣ ሌላው መጣ ብለን ሒሳቡን በዘጋን ነበር። አሁን ግን ስልኩ የት እንደዋልን፣ ከማን ጋር እንዳወራን መያዙን ሳያቆም፣ ሰዓቱ ደግሞ ልባችን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛን ይነግረዋል። ስልኩ የማይተካበት ምክንያትና መረጃው የሚፈስበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚመጡት ከባትሪው ነው።

ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው መካከለኛ አንድሮይድ ስልክ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ይይዛል። ይህ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ 1 ዋት የሚበላ ዕቃን 19 ሰዓት ያህል ያሠራል ማለት ነው። ካሜራ ያለው የመጀመሪያው የሬይባን ሜታ መነጽር ባትሪ 154 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ 0.6 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባለ 45 ሚሊሜትሩ አፕል ዎች ሲሪስ 9 ደግሞ 1.2 ዋት ሰዓት አይሞላም። ስክሪኑ በርቶ፣ ዳታ ተከፍቶ የሚሠራ ስልክ ከ1 እስከ 2 ዋት ይበላል። ያንኑ ሥራ መነጽሩ ይሥራው ብንል በ1 ዋት ሒሳብ 36 ደቂቃ ሠርቶ ጥርቅም ይላል።

ትልቅ ባትሪ ይግባበት ቢባል ክብደቱ አፍንጫ ላይ ነው የሚያርፈው። ክብደቱን ብንችለው ሙቀቱ አለ። ስልክ ሲግል ጠረጴዛ ላይ እናሳርፈዋለን፤ የለበስነውን ግን የት እናሳርፈዋለን? የሰው ቆዳ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ነገር ለ6 ሰዓት ያህል ከተለጠፈበት ይቃጠላል። ቡና ሲኒ ላይ የምንታገሠው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ እጅ አንጓ ላይ ሲውል ቁስል ነው። ስለዚህ አምራቹ ፕሮሰሰሩን፣ የዕቃውን አንጎል፣ ሆን ብሎ ከአቅሙ በታች ያሠራዋል። በማርች 2022 ፊትቢት አዮኒክ የተባለው ሰዓት ከገበያ የተሰበሰበው ባትሪው ከልክ በላይ እየጋለ ስለነበር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 1 ሚሊዮን ያህል ተሽጦ 78 የቃጠሎ ሪፖርት ቀርቦበት ነበር።

አንቴናውም ሌላ ጣጣ ነው። የስልክ ኔትወርክ የሚጠቀምበት የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 37 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በቅጡ የሚሠራ አንቴና የዚያን ሩብ፣ 9 ሳንቲሜትር ያህል ይፈልጋል። ሰዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.5 ሳንቲሜትር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ውኃ የሞላው ክንድ አለ፤ ሞገዱን ይውጠዋል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ አራተኛው ትውልድ ሬዲዮ እስከ 200 ሚሊዋት ለመርጨት ይገደዳል፤ ያንን ለመርጨት ከባትሪው የሚስበው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አፕል ሲም ያለውን ሲሪስ 9 «18 ሰዓት ይቆያል» ሲል የሙከራውን ማብራሪያ ማንበብ ያዋጣል፦ ከ18ቱ ሰዓት 14ቱ ያለፈው ዕቃው በብሉቱዝ ከአይፎን ጋር ተገናኝቶ ነው። በራሱ ሲም የቆየው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ስልክ አጠገቡ ሳይኖር ይሠራል የተባለው ዕቃ ቀኑን የሚገፋው ስልኩን ተደግፎ ነው።

ሰውነት ውስጥ ይገጠማል የሚለው ደግሞ ከዚህም ይርቃል። በሕክምናው ዓለም የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ 7 እና 10 ዓመት ያለ ቻርጅ ይሠራል። የሚችለው ግን የሚበላው ኃይል በማይክሮዋት የሚቆጠር፣ ጥቂት አስር ማይክሮዋት ስለሆነ ነው። ስልክ የሚፈልገው 1 ዋት ከዚያ አስር ሺዎች እጥፍ ነው። ባትሪ ለመቀየር ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገባ የስልክ ደንበኛ ደግሞ አይገኝም።

እንተካለን ብለው የሞከሩትን እንያቸው። ሂውሜን የተባለው የሳንፍራንሲስኮ ኩባንያ ከአፕል በወጡ ሰዎች ተመሥርቶ ኤአይ ፒን የሚባል ደረት ላይ የሚለጠፍ ዕቃ ሠራ። ስክሪን የለውም፤ መዳፍ ላይ በሌዘር አረንጓዴ ጽሑፍ ይጥላል። ዋጋው 699 ዶላር፣ በላዩ ላይ በየወሩ 24 ዶላር። በአፕሪል 2024 ገዢዎች እጅ ሲገባ ይግል ነበር፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ያጠፋ ነበር፤ የሌዘሩ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ አይነበብም፤ ጥያቄ ሁሉ ሰርቨር ደርሶ ስለሚመለስ መልሱ ይዘገያል። በጁን ላይ ኩባንያው የቻርጅ ሳጥኑ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አትጠቀሙበት ብሎ ለደንበኞቹ ጻፈ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ የኩባንያውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛና ፌብሩዋሪ 28 ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፒኑ መደወል የለ፣ መጠየቅ የለ። ዳታውን እስከዚያች ቀን ያላወረደ ሰው ዳታው ተሰርዞበታል፤ ገንዘባቸው የተመለሰላቸውም በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ውስጥ የደረሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጉግል ግላስም በ2013 በ1500 ዶላር ወጥቶ በጃንዋሪ 2015 ለተራው ሰው መሸጡ ቆመ፤ ለድርጅቶች የተሠራው በማርች 2023 ተቋረጠ። በ2025 የወጣው የረቀቀው የሜታ ሬይባን ዲስፕሌይ መነጽር ሲወጣ ዋጋው 799 ዶላር ነበር፣ 69 ግራም ይመዝናል፣ ባትሪው 6 ሰዓት ይቆያል ተብሏል፤ የሚሠራውም ከስልክ ጋር ተጣምሮ ነው።

እኛ አገር ያለ ሰው ደግሞ ጉዳዩን ከራሱ ቀን ጋር ቢያመዛዝነው ይበቃዋል። ቴሌብር በ*127# ይከፈታል፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ይመጣል፤ የከፈልንበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥተን በቴሌግራም እንልካለን። የአፕል የድምፅ ረዳት ሲሪ አማርኛ አታውቅም። ርካሾቹ ሰዓቶች ላይ የአማርኛ መልእክት ሲደርስ የሚታየው የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነው፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ውስጥ የተጫነው ጥቂት ሜጋባይት ማኅደር የግዕዝ ፊደል የለበትም፣ ተጠቃሚውም ከውጭ መጫን አይችልም። ሻጩ «አፕዴት ሲደረግ ይመጣል» ካላችሁ አትጠብቁት።

እንግዲህ የሚለበሰው ዕቃ ኃይል ስለሌለው ብዙ አያስብም፤ ይለካና ያስተላልፋል። መንገዱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሴንሰሩ ይለካል፣ በብሉቱዝ ለስልኩ ይሰጣል፣ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ተቀብሎ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ሰርቨር ይልካል፣ ከባዱ ስሌት እዚያ ተሠርቶ ውጤቱ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ሰዓት የገዛ ሰው በእርግጥ የገዛው ያንን አፕ ነው። የደኅንነቱ ነገር የሚወሰነውም እጅ ላይ ካለው ብረት ይልቅ በአፕና በሰርቨር ነው።

ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ብር የሚሸጡት ስም የለሽ ሰዓቶች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው እነሱን ስለሆነ። ካርቶኑ ላይ የኪውአር ኮድ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት በስልካችሁ አንሡትና ወዴት እንደሚወስዳችሁ እዩ። ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ከገባ ደህና። በቀጥታ ኤፒኬ የሚባል የአፕ መጫኛ ፋይል የሚያወርድ ከሆነ ሰዓቱን ለሻጩ መልሱለት፤ ያ ፋይል በማንም ያልተፈተሸ ነው። ስቶር ውስጥ ካለ ደግሞ የዳታ ደኅንነት የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ምን እንደሚሰበስብና ለሌላ እንደሚያካፍል አንብቡ። አምራቹ ራሱ የሞላው ቅጽ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ ነገር ግን እዚያም ላይ «አካፍላለሁ» ብሎ የጻፈ አፕ ካጋጠማችሁ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

አፑ ሲከፈት ፈቃድ መጠየቅ ይጀምራል፤ ሎኬሽን፣ የስልክ ማውጫ፣ የጥሪ ዝርዝር፣ አጭር መልእክት፣ ማይክሮፎን፣ ፎቶ። ሰው «ሰዓቱ አይሠራም» እንዳይለው ፈርቶ ሁሉንም ይፈቅዳል። እውነቱ ይህ ነው። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ድረስ አንድ አፕ አካባቢው ያሉ የብሉቱዝ ዕቃዎችን ለመፈለግ የሎኬሽን ፈቃድ ግድ ነበረው፤ ስለዚህ ያኔ መጠየቁ ትክክል ነበር። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ግን «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች» የሚል የተለየ ፈቃድ አለ፤ ሰዓቱን ለማገናኘት እሱ ይበቃል። አዲስ ስልክ ይዛችሁ ሎኬሽን ብትከለክሉት የምታጡት የሩጫ ካርታና የአየር ሁኔታ ነው። የስልክ ማውጫ ከከለከላችሁ ሲደወል በስም ፋንታ ቁጥር ይታያችኋል። አጭር መልእክትና ፎቶ ከለከላችሁ ማለት ግን የሚቀርባችሁ የለም ማለት ይቻላል። ከፈቃድ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠቀማችሁበት አገልግሎት ካለ ተመልሳችሁ ዝጉት።

ከሁሉ የሚከፋው ፈቃድ ግን ከእነዚህ ጋር አይዘረዘርም። ኖቲፊኬሽን የማንበብ ፈቃድ ይባላል፤ ለብቻው በልዩ ገጽ ይጠየቃል፤ ሰዓቱ መልእክት እንዲያሳያችሁ የምትሰጡት እሱን ነው። ይህን ያገኘ አፕ ስልካችሁ ላይ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ ሁሉ ያነባል፤ የቴሌግራም ወሬ፣ የባንክ ሒሳብ ቀሪ፣ ብዙ ስልኮች ላይም ከባንኩ የሚመጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ማረጋገጫ ጭምር። የአጭር መልእክት ፈቃድ ብትከለክሉትም ያው መልእክት በኖቲፊኬሽን በኩል ያልፋል። መፍትሔው፣ በአንድሮይድ 12ና ከዚያ በኋላ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ አፕስ፣ ከዚያ ልዩ የአፕ መዳረሻ፣ ከዚያ የኖቲፊኬሽን መዳረሻ የሚለውን መክፈት ነው። የሰዓቱን አፕ ስትነኩት የየትኞቹን አፖች ኖቲፊኬሽን እንዲያይ መምረጥ ይቻላል። የመልእክት መቀበያውን፣ ባንኮቹንና ቴሌብርን ከዝርዝሩ አውጧቸው። የሰዓቱ አፕ ራሱ ውስጥ ያለውን መዝጊያ ብቻ ዘግቶ መተው በቂ አይደለም፤ እዚያ የሚዘጋው ሰዓቱ ላይ መታየቱ ነው፣ አፑ ማንበቡን አያስቆምም።

እንቅስቃሴ የሚለካው ሴንሰር ደግሞ ፈቃድ እንኳ የማይጠየቅበት ጎረቤት ነው። በ2016 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሰዓት ያሰሩ 20 ሰዎችን ኤቲኤም መሰል ቁልፎች ላይ የምስጢር ቁጥር አስነክተው፣ ከእጅ እንቅስቃሴው ብቻ ቁጥሩን በመጀመሪያው ሙከራ 80 ከመቶ፣ በሦስት ሙከራ ውስጥ ከ90 ከመቶ በላይ አውቀውታል። ሚሊሜትር የምታክል የክንድ መንቀሳቀስ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ያለውን ርቀት ትናገራለች፤ የመጨረሻው ምት ሁልጊዜ «አስገባ» የሚለው ቁልፍ ስለሆነ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይደረስበታል። ይህን ለማድረግ ወይ ሰዓቱ ላይ ተንኮለኛ አፕ መጫን፣ ወይ የብሉቱዙን ልውውጥ መጥለፍ ያስፈልጋል፤ መንገድ ላይ ሁሉ የሚሠራ ሌብነት አይደለም። መከላከያው ግን ነጻ ነው፦ ቁጥሩን ሰዓት በሌለው እጅ ንኩት።

የልብ ምትና እንቅልፍ ማን ይሰርቃል የሚል ይኖራል። መረጃው ለብቻው ሲታይ ተራ ቁጥር ነው፤ ተደራርቦ ሲቀመጥ ግን ሰውየውን ይናገራል። ጠጥቶ የተኛ ሰው ልቡ ሌሊቱን ፈጥኖ ይመታል። እርግዝና ሲጀምር የዕረፍት የልብ ምት ከፍ ይላል፤ ባልም እናትም ሳይሰሙ አፑ ጋ ደርሷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዘውትሮ የሚነሣ ሰው ለማኅሌት ይሁን ለሱሑር፣ ቀኑ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሲገናዘብ ይታወቃል።

ሎኬሽን ሲታከልበት ደግሞ የስትራቫን ነገር ማስታወስ ነው። ስትራቫ ሯጮችና ብስክሌተኞች የሚጠቀሙበት አፕ ነው። በኖቬምበር 2017 ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ ሁሉ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣው፤ 3 ትሪሊዮን የጂፒኤስ ነጥብ። ስም የለበትም ተብሎ ነበር። በጃንዋሪ 2018 ካርታውን ያየ አንድ ተማሪ ሶሪያና አፍጋኒስታን በረሃ ውስጥ ብቻቸውን የሚያበሩ ቀለበቶች አገኘ፤ ወታደሮች በካምፓቸው አጥር ዙሪያ የሮጡባቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የአሜሪካ መከላከያ በግዳጅ ቀጠና ሎኬሽን የሚይዙ መሣሪያዎችን ከለከለ። ስም መሰረዝ በረሃ ላይ አይጠቅምም፤ ሰው በሌለበት ቦታ የሮጠ ሁሉ ይለያል።

ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ወጥቶ ለሚሮጥ ሰው ጉዳዩ ቤቱ ነው። በየጠዋቱ ሩጫው የሚጀምርበት ነጥብ የመኖሪያው በር ነው፣ የሚጀምርበት ሰዓት ደግሞ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት። ስትራቫ ላይ የግላዊነት መቆጣጠሪያ ገብታችሁ የካርታ እይታ በሚለው ሥር ከቤታችሁ ዙሪያ እስከ 1600 ሜትር ያለውን መደበቅ ትችላላችሁ። ትንሽ ክብ አትምረጡ፤ በተለያየ አቅጣጫ የተሮጡ መንገዶች ሁሉ ክቡ ጠርዝ ላይ ስለሚቆረጡ ጠርዞቹን ያገናኘ ሰው መሐሉን ያገኘዋል። ሰፊ ክብ፣ ሲቻል ደግሞ መቅጃውን ከሰፈር ወጥቶ መጀመር።

የልጆች ሰዓት ግን ከዚህ ሁሉ ያስቆጣኛል። አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው አገር ያሉ ወላጆች ልጃቸው ትምህርት ቤት መድረሱን ለማወቅ የሚገዙት፣ ሲምና ጂፒኤስ ያለው በቀለም ያሸበረቀ ሰዓት። የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት በኦክቶበር 2017 ፈትሾ የማያውቁት ሰው ሰዓቱን ተቆጣጥሮ ልጁን መከታተልና ማነጋገር እንደሚችል አሳየ። በሚቀጥለው ወር የጀርመን የኔትወርክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በድብቅ ድምፅ የሚያዳምጡትን ሰዓቶች ከለከለ፤ ወላጆችንም ሰባብራችሁ ጣሏቸው አላቸው። በፌብሩዋሪ 2019 የአውሮፓ ኅብረት ሴፍ ኪድ ዋን የተባለውን ሰዓት እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ የልጁ ቦታና ስልክ ቁጥር ሳይመሰጠር ወደ ሰርቨር ይሄድ ነበርና። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ የጸረ ቫይረስ ኩባንያው አቫስት 600 ሺህ ያህል የጂፒኤስ መከታተያዎች በይለፍ ቃል 123456 ክፍት ሆነው አገኘ። የመግቢያ መለያው ከመሣሪያው መለያ ቁጥር የተወሰደ ስለሆነ በተርታ እየቆጠሩ መሞከር ብቻ ይበቃል። ከእነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት በአጭር መልእክት ነው፤ የልጁን ሲም ቁጥር የሚያውቅና የይለፍ ቃሉ እንዳለ መሆኑን የሚገምት ሰው ሰዓቱ በዝምታ ደውሎ እንዲያሰማው ማዘዝ ይችላል። የገዛችሁት ካለ ዛሬውኑ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ መቀየሪያ ከሌለው ሲሙን አውጡት። ያኔ ሰዓት ብቻ ይሆናል፣ ልጁም ሰዓት ማየት ይማርበታል።

መነጽሩ ደግሞ ከለባሹ ይልቅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች የሬይባን ሜታ መነጽር አድርገው የመንገደኛውን ፊት ወደ ፊት መፈለጊያ ድረ ገጽ በመላክ ስሙን፣ አድራሻውን በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያወጡ አሳዩ። ካሜራው ሲቀርጽ ጠርዙ ላይ ትንሽ ነጭ መብራት ይበራል፤ ቢሸፍኑት እንዳይቀርጽ ተደርጎ ተሠርቷል። መብራቱን በ60 ዶላር የሚያጠፋላችሁ ሰው እንዳለ ግን በ2025 ተዘግቧል። ልቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ላይ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽን ሰው «ተው እንጂ» እንለዋለን፤ መነጽር ያደረገውን ምን እንለዋለን? ድምፁም አለ። ሜታ በአፕሪል 2025 ደንቡን ቀይሮ «ሄይ ሜታ» ተብሎ የሚነገረውን ድምፅ እስከ አንድ ዓመት ያስቀምጣል፤ ቀድሞ የነበረውን «አታስቀምጥ» የሚል ምርጫ አንሥቶታል። ከዚያ ወዲህ ማድረግ የሚቻለው አፑ ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ መሰረዝ፣ ወይም የድምፅ ትእዛዙን ጨርሶ መዝጋት ነው።

ዳታውን የሰጣችሁት ኩባንያ ነገም ያው ኩባንያ ላይሆን ይችላል። ፊትቢትን ጉግል በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በጃንዋሪ 2021 ጨረሰ፤ የአውሮፓ ኅብረት የአውሮፓውያኑን የጤና ዳታ ለ10 ዓመት ለማስታወቂያ እንዳያውል ቃል አስገብቶታል፤ ያ ቃል የተሰጠው ለአውሮፓ ነዋሪ ነው። አማዞን ሄሎ የሚባል፣ የሰውነት ፎቶና የድምፅ ቃና ሳይቀር የሚመረምር አምባር ሸጦ በ2023 አገልግሎቱን ዘጋው። በ2021 ደግሞ ጌትሄልዝ የተባለ ከብዙ ሰዓቶች ዳታ የሚያሰባስብ ድርጅት 61 ሚሊዮን መዝገብ ያለ ይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆኖ ተገኘበት፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ክብደት፣ ቁመት ነበረበት። የዳታው ባለቤቶች ጌትሄልዝ የሚባል ስም ሰምተው እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሕጉስ? አሜሪካ ያላችሁ፣ የሐኪም ቤት ምስጢር የሚጠበቅበት ሂፓ የሚባለው ሕግ ሐኪምንና ኢንሹራንስን እንጂ ከሱቅ የገዛችሁትን ሰዓት አይመለከትም። ጆን ሃንኮክ የተባለው የሕይወት ኢንሹራንስ በ2018 ውሎቹን ሁሉ ከአካል እንቅስቃሴ መከታተያ ጋር እንደሚያያይዝ አስታውቋል፤ በየቀኑ ለሄዳችሁት እርምጃ ቅናሽ ያገኛችሁ ጊዜ፣ ያልሄዳችሁበትንም ቀን ያውቀዋል ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ የጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ አለው፤ ዳታዬን ላኩልኝ፣ ሰርዙልኝ ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፣ ኩባንያውም በአንድ ወር ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) አውጥታለች፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ቻይና ሼንዘን ያለ፣ አድራሻው ያልታወቀ አምራች ላይ አዋጁን የሚያስፈጽም ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለሰዓት ገዢው መልስ የለውም። ስለዚህ የሚያዋጣው ቀድሞ አለመስጠት ነው። አፑ ልደት ሲጠይቅ ዓመቱን ብቻ እውነት ሙሉ፤ ለካሎሪ ስሌት የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ክብደትና ቁመት ነው፤ እውነተኛ ስም አያስፈልገውም። ኢሜይልም ለዚሁ ብቻ የተከፈተ ቢሆን።

ይህን ሁሉ ሰጥተን የምናገኘው ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ሰዓቱ አረንጓዴ መብራት ቆዳ ላይ ያበራና ተመልሶ የሚመጣውን ይቆጥራል፤ ደም ሲሞላ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ሲጎድል ይጨምራል። ጠቆር ያለ ቆዳ አረንጓዴ ብርሃንን የበለጠ ስለሚውጥ ተመላሹ ይደክማል። የእጅ አንጓ ላይ ያለ ንቅሳትም እንዲሁ ይጋርደዋል፤ እጇን የተነቀሰች እናት ሰዓቱ ቢያቅተው አይድነቃት። ማሰሪያው ከላላ የውጭ ብርሃን ይገባል፤ ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ሳያፍን ጠበቅ ማድረግ ነው። ኦክስጅን ሲለካ ነገሩ ይከፋል። በ2020 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የጣት መለኪያ እንኳ የጥቁር ታካሚዎችን ኦክስጅን መውረድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል አዘውትሮ እንደሚስተው አሳይቷል። ርካሹን ሰዓት ለመፈተን ፎጣ ጠቅልላችሁ አስሩበት። «72» ካላችሁ ፎጣው ልብ አለው፣ አለዚያ ሰዓቱ ይዋሻል።

ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ወይም ቀለበት ግን ለመሳቅ አይመችም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ገልጿል። በዚያ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ክንድ ላይ የሚለጠፉት ትክክለኞቹ መለኪያዎች ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር ያስገባሉ፤ ክር የሌለው አይለካም።

ሰዓቱን ለሌላ ስትሰጡ ወይም ስትሸጡ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። መጀመሪያ ሰዓቱን ከአፑ አለያዩ፤ አፕል ዎች ከሆነ አይፎኑ ላይ ሳታለያዩ ከሰጣችሁት ለተቀባዩ ተቆልፎ ይቀራል። ቀጥሎ አፑ ውስጥ ገብታችሁ የሰዓቱን አካውንት ሰርዙ፤ አፑን ከስልክ ማጥፋት ሰርቨር ላይ ያለውን አይነካም። ከዚያ ሰዓቱን ራሱን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱ፤ በመጨረሻም ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር «እርሳ» በሉት፣ አፑንም አጥፉ። አካውንት መሰረዣ ጨርሶ የሌለው አፕ ካጋጠማችሁ፣ ከመሰናበታችሁ በፊት ስሙን፣ ክብደቱን፣ ልደቱን በሐሰት ቀይራችሁ አንድ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር እንዲናበብ አድርጉትና ውጡ።